ጤናዬ እና የሽምብራው ተርቦች

ባሏ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ጤናዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደለበሰች ገባች፣ ወንፊቷን ከምስማሩ ላይ አወረደች፣ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠችና ሽምብራ መንፋት ጀመረች። አጠገቧ የምትለቅመው ሀፍሷ እጇ ሰፌዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እትዬ ጤናዬ፣ ምነው? አርባው እንኳ ሳይወጣ?»

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ?» አለች ጤናዬ፤ ወንፊቱን ማወዛወዟን አላቆመችም።

እህል በረንዳ ካሉት የጥራጥሬ መጋዘኖች በአንዱ፣ በሀጂ ሙናዊር ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከጎጃም መጥታ ያልሞከረችው ሥራ የለም፤ የረጋችው ግን እዚህ ነው። ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ አተሩ ሁሉ በእጇ አልፏል። ዓይኗን ጨፍና ጠጠሩን ከፍሬው ትለያለች ይሏታል፤ እውነትም ትለያለች። ባሏ ይገረም የዚያው መጋዘን የማታ ጥበቃ ነበር። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፣ እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል። የአሥራ አራት ዓመት ትዳራቸው ጠዋትና ማታ በር ላይ ቁልፍ መቀባበል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብረው የሚውሉት እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ እሱ እንቅልፉን ይጨርሳል። ልጅ አልወለዱም።

ይገረም የሞተው በሐምሌ ነው። በዚያ ቀን መጋዘኑ ውስጥ የነቀዝ ክኒን ገብቶ ነበር። ክኒኑ ከጆንያዎቹ መካከል ሲቀመጥ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዝ ይገድላል፤ ሰውም ይገድላል። ይገረም ሁልጊዜ የሚያድረው ደጅ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጣሪያዋ አፍስሶ ፍራሹን አራሰበት። መጋዘኑን ከፍቶ ገባ፣ ብርዱን ፈርቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፣ ጆንያ ላይ ጋደም አለ። ጠዋት ጤናዬ ስትመጣ በሩ አልከፈት አላት። ጠራችው፣ ደበደበች፣ ስልኩ ከውስጥ ሲጮህ ሰማች። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች መጥተው ሰበሩት። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ነበር፤ ለተመለከተው የተኛ ይመስላል።

ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። ድንገተኛ አደጋ ነው ተባለ። ሀጂ ሙናዊር ቀብሩን ከዳር እስከ ዳር ቆመው አስፈጸሙ፤ ለሠልስቱም መጡ፤ ድንኳኑ ጥግ ላይ ጫማቸውን እያዩ ተቀምጠው ዋሉ።

ጤናዬ አላለቀሰችም። አስለቃሿ ስሙን እየጠራች ስታንጎራጉር ዕድርተኛው ሁሉ ደረቱን ሲመታ፣ እሷ መሐል ቆማ የድንኳኑን ገመድ ታይ ነበር። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሯል፤ ማን እንደቋጠረው ታስብ ነበር። ማልቀስ ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ሊያስነጥሰው ብሎ እንደጠፋበት ሰው ስትጠብቅ ቆየች፤ አልመጣም። የዕድሩ ሴቶች ሲወጡ «ደረቅ ናት» ሲሉ ሰማቻቸው። እነሱንም አልተቀየመችም። ቅያሜውም አልመጣም።

እንዲህ ሆና ከረመች። የፈላ ሻይ አንስታ ትጠጣለች፤ ምላሷ መቃጠሉን የምታውቀው በማግስቱ ሲሻክራት ነው። ወጥ ሠርታ ጨው ሳትጨምር ትበላለች። ታክሲ ውስጥ መውረጃዋን ታሳልፍና ተመልሳ በእግሯ ትመጣለች፤ ለምን አሳለፍኩት ብላ አትበሳጭም። ሀፍሷ ልታጫውታት ትሞክራለች፣ ጤናዬ ጥያቄ ሲሆን ትመልሳለች፣ ሳቅ ሲሆን ዝም ትላለች። እጇ ግን እንደ ድሮው ነበር። ከእጇ የወጣ ሽምብራ እንከን አይገኝበትም።

ሀጂ ሙናዊር ከዚያ በኋላ ክኒን ወደ መጋዘኑ አላስገቡም፤ ቃሉንም አይጠሩም። ነቀዙ ፋታ አገኘ። ታኅሣሥ ላይ አልፎ አልፎ ቀዳዳ ፍሬ ይታይ ነበር። ጥር ሲገባ ጆሮ ጆንያው ላይ ሲያስጠጉት ኩርሽም ኩርሽም የሚል ድምፅ መስማት ተጀመረ። አዲሱ ሽምብራ ከየአገሩ እየገባ ከአሮጌው ጎን ሲደረደር ነቀዙ ወደ አዲሱ ይሻገራል። አንድ ዓርብ ሀጂ ከአንዋር መስጊድ ሰግደው ሲመለሱ አንዲት ወጣት ሴት አስከትለው መጡ። እስከዳር ትባላለች፤ የእርሻ ተመራማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው በጎተራ ተባይ ላይ ነው። ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ከረጢት ውስጥ አፋቸው በስስ ጨርቅ የታሰረ ሦስት ብርጭቆ ብልቃጦች ነበሩ።

«ጤናዬ» አሉ ሀጂ፣ «ይቺ ልጅ ነቀዝ የሚበላ ተርብ ይዛለች። መጋዘን ውስጥ እንልቀቀው ትላለች። አንቺ እህሉን ስለምታውቂው አሳያት።»

ጤናዬ ብልቃጡን ተቀብላ ብርሃን ላይ ያዘችው። ውስጡ ሽምብራ አለ፤ በሽምብራው ላይ ደቃቃ ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት የጤፍ ፍሬዎች አይበልጥም።

«ይሄ ተርብ ነው?»

«ነው፣ እትዬ» አለች እስከዳር። «ሰው አይነድፍም፤ ቢፈልግም መርፌው ቆዳ አያልፍም። ሽምብራም አይበላም። የሚፈልገው ሽምብራው ውስጥ ያለውን የነቀዝ ትል ብቻ ነው።»

«ውስጥ ያለውን በምን አየው?»

እስከዳር ፈገግ አለች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት ይነድፋል ወይ ብሎ ነው። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ ለጤናዬ ሰጠቻት።

ጤናዬ አጎንብሳ አየች። ተርቧ ፍሬው ላይ ወጥታ በሁለት ቀንዶቿ ትደበድበዋለች። ትሄዳለች፣ ትደበድባለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እንደገና ደበደበች። ከዚያ ወገቧን ከፍ አድርጋ ከሆዷ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ መርፌ አወጣችና ቅርፊቱን መብሳት ጀመረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ጤናዬ ቀና ሳትል ጠበቀች። ሀጂ ሙናዊር ወደ ውጭ ወጥተው ተመለሱ፤ ጤናዬ እዚያው ነበረች።

«አሁን ትሉ ጋ ደርሳለች» አለች እስከዳር። «መጀመሪያ ትወጋውና ታደነዝዘዋለች። ከዚያ አጠገቡ አንድ እንቁላል ትጥላለች። አንድ ትል፣ አንድ እንቁላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጅ ትሉን ከውጭ ይዞ እየመጠጠ ያድጋል፣ ሲጨርስ ክንፍ ያወጣል፣ ቅርፊቱን ቀድዶ ይወጣል።»

«ትሉ ሞቷል?»

«አልሞተም። ከሞተ ይበሰብስና ልጁ የሚበላው ያጣል። አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ አያድግም እንጂ ሕይወት አለው።»

«ያመዋል?»

«አላውቅም፣ እትዬ። የሚያውቅ ሰውም ያለ አይመስለኝም።»

ጤናዬ መነጽሩን መለሰችላት። የቱ ጆንያ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ የትኛው ከግድግዳው እርጥበት እንደሚያገኝ እየዞረች አሳየቻት። ሦስቱን ብልቃጥ ሦስት ቦታ ፈቱት። ተርቦቹ በጆንያው ስፌት መካከል እየተሹለከለኩ ጠፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጤናዬ የምትነፋውን ሁሉ ታያለች። እስከዳር መነጽሩን ትታላት ስለሄደች፣ በሳምንት ሁለት ቀን እስክትመጣ ድረስ በየጆንያው ስንት ተርብ፣ ስንት ነቀዝ እንደወጣ በአንድ ደብተር ላይ ትጽፍላታለች። በመሠረተ ትምህርት የተማረችው ጽሑፍ ለዚህ በቂ ነበር። እናት ነቀዝ ነጭ እንቁላሏን ሽምብራው ላይ እንደ ሙጫ ለጥፋ ትሄዳለች፤ ይሄን ጤናዬ ድሮም ታውቃለች። አሁን ግን ከውስጥ የወጣው ምን እንደሆነ ከቀዳዳው መለየት ቻለች። የነቀዙ ቀዳዳ ሰፊና ልሙጥ ነው፤ የተርቡ ጠባብ ሆኖ ዳሩ የተሰባበረ ነው። እስከዳር ይሄን ራሷ አላስተዋለችውም ነበር። ጤናዬ ስትነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ መቶ ፍሬ ቆጥራ አረጋገጠች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሦስቱ ተቀምጠው ሳለ ጤናዬ ጠየቀች።

«መጀመሪያ የሚወጡት ትንንሾቹ ናቸው። ሁለት ቀን ቆይተው ነው ትልልቆቹ የሚወጡት። ለምንድን ነው?»

«ትንንሾቹ ወንዶቹ ናቸው። ቀድመው ወጥተው ሴቶቹን ደጃፍ ላይ ይጠብቃሉ።»

ሀፍሷ ሳቀች። «እንደኛ ሰፈር ወንዶች!»

«ሌላም አለ» አለች እስከዳር። «እናትየው የምትወልደውን ትመርጣለች። ከወንድ ጋር ስትገናኝ ዘሩን ሆዷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እንቁላሏን ስትጥል ከዘሩ ከጨመረችበት ሴት ይሆናል፣ ካልጨመረችበት ወንድ። ወንዱ አባት የለውም።»

«ወላሂ?» ሀፍሷ ጉርሻዋን መለሰችው። «ያለ ባል ወንድ ትወልዳለች?»

«ያለ ባል ወንድ ብቻ። ወንድ አግኝታ የማታውቅም ብትሆን ወንድ ትወልዳለች። ባል የሚያስፈልጋት ለሴት ነው። ትሉ ከሲታ ከሆነ ወንድ ትጥልበታለች፤ ወንድ በትንሽ ምግብ ያድጋል። ወፍራም ትል ስታገኝ ሴት።»

«አራት ሴት ወልጄ አማቴ ‹ወንድ አምጪ› እያሉ ይጨቀጭቁኛል» አለች ሀፍሷ። «ለካ የበላሁት በዝቶ ነው!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እስከዳርም ሳቀች። ጤናዬ ሀፍሷን አየቻት። ነገሩ የሚያስቅ እንደሆነ ገብቷታል። ድስቱን ከደነችና ተነስታ እጇን ታጠበች።

ነቀዙ አልጠፋም፤ ይቀንስ ግን ጀመር። በመጋቢት ማብቂያ እስከዳር ከየጆንያው ፍሬ እየወሰደች በምላጭ ስትከፍት፣ ከአሥር ትል ስድስቱ ላይ የተርብ ልጅ ተገኘ። ሀጂ ሙናዊር ጆንያው ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ቀና አሉ። ችግሩ ሌላ ነበር። ተርቡ ሲበዛ በዓይን ይታያል። ጆንያ ሲፈታ ጥቁር ብናኝ የመሰለ ነገር ብር ብሎ ይነሳል።

ከፋሲካ በኋላ ኃይለልዑል መጣ። ወደ ክፍለ ሀገር የሚያከፋፍል ጅምላ ገዢ ነው፤ የሀጂን ሽምብራ በየዓመቱ ጠራርጎ የሚወስደው እሱ ነው። አንዱን ጆንያ አስፈታ፣ እጁን ነከረ፣ ክንዱ ላይ የወጡትን ተርቦች አራገፈ።

«ሀጂ፣ ይሄ ምንድን ነው? ተባዩን በተባይ?»

«በወንፊት ይወርዳል። ጤናዬ ነፍታ ነው የምትሰጥህ።»

«ገዢዬ ይሄን ማብራሪያ አይሰማኝም። ክኒን አስገቡበት፤ ሁሉንም ድምጥማጡን ያጥፋው። የዛሬ ሁለት ሳምንት መጥቼ ሁሉንም እጭናለሁ። ካልሆነ ሌላ ቦታ አለኝ።» ጤናዬን በአገጩ ሰላም ብሏት ወጣ። ባሏ በምን እንደሞተ ረስቶታል፤ ወይ መጀመሪያውኑ አልሰማም።

ሀጂ ሙናዊር ሦስት ቀን አሰቡ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የክኒን ካርቶን ተሸክመው ገቡ። ሀፍሷ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። ካርቶኑን በሩ አጠገብ አስቀመጡና ጤናዬን ሳያዩ ተናገሩ።

«ባለሙያ ነው የሚያስገባው። በሩን እኔው ራሴ በሁለት ቁልፍ እቆልፋለሁ። ለአምስት ቀን ማንም ወደዚህ ቅያስ አያልፍም። አንቺም እቤትሽ ትሆኛለሽ።»

ጤናዬ ወንፊቱን አስቀመጠች።

«ሀጂ» አለች፣ «ያን ቀን ሲወጡ ‹ይገረም ውስጥ እንዳያድር ንገሪው› ብለውኝ ነበር።»

ሀጂ ዞረው አዩዋት።

«አልነገርኩትም። ቁልፉን ስሰጠው ጫማው አፉን ከፍቶ አየሁት። ስለ ጫማው አወራን። እሱ ይሰፋል ይላል፣ እኔ አይሰፋም እላለሁ። ተነታረክንና ሄድኩ። ታክሲ ውስጥም አልታወሰኝም። ቤቴ ገብቼም አልታወሰኝም። በሩ አልከፈት ሲለኝ ነው ትዝ ያለኝ።»

የተናገረችው የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ በሚመስል ድምፅ ነው። ዘጠኝ ወር ይዛው ለእህቷም፣ ለንስሐ አባቷም አልተናገረችውም። ዛሬም ልናገረው ብላ አልነበረም።

ሀጂ ሙናዊር ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ካርቶኑ ከክብደታቸው የተነሳ ገባ አለ።

«የይገረም ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር» አሉ። «መግሪብ ሰግጄ ስወጣ ልደውልለት ብዬ ነበር። ዝናቡ ያዘኝና ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ጤናዬ ነግራዋለች ብዬ ተውኩት። የሰው ነፍስ ነበር፤ እኔ በሰው አስነግራለሁ።» ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ነግረሽው ነበር ወይ ብዬ ስንቴ ልጠይቅሽ አፌን ከፈትኩ። ነግሬዋለሁ ብትይኝ ሟቹን ልወቅስ ነው። አልነገርኩትም ብትይኝ አንቺን ልወቅስ ነው። ሁለቱም ለእኔ ማምለጫ ነበሩ። ክኒኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ጤናዬ።»

አሁን አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሽምብራውን ልጨርሰው?» አለች።

«ጨርሺው» አሉ። ካርቶኑን አንስተው ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ለሻጩ መለሱለት ወይስ ጣሉት፣ አልጠየቀችም።

ኃይለልዑል ያን ዓመት ከሀጂ ሙናዊር አልገዛም። ሽምብራው በጤናዬና በሀፍሷ ወንፊት እየተነፋ ጥቂት በጥቂት ለሽሮ ወፍጮ ቤቶች ወጣ፤ እስከ ሰኔ ድረስ ፈጀ። ሀጂ ስለዚህ አንድም ቀን አላማረሩም። እስከዳር ጥናቷን ጨርሳ ስትሄድ ብልቃጦቿንና መነጽሩን ለጤናዬ ተወችላት፤ ተርቡ እንዳይጠፋ በየሦስት ሳምንቱ የነቀዘ ሽምብራ እያደረጉ እንዴት እንደሚያራቡት አሳይታታለች። ጤናዬ ግን የራሷን መላ ጨመረች። ወፍራም ወፍራም ትል ያለበትን ፍሬ በእጇ ክብደት እየለየች ለብቻ ታስቀምጥላቸዋለች፤ እንዲህ ስታደርግ ሴቶቹ ይበዛሉ። ከሴቶቹ ብዛት የተነሳ አንድ ብልቃጥ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት ሆነ።

ወሬው በነጋዴው መካከል ዞረ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የባቄላ መጋዘን ያለው ጁነዲን ሰው ልኮ አስጠራት። አንድ ማክሰኞ ሁለት ብልቃጥ በዘንቢል ይዛ ታክሲ ተሳፈረች፤ መቀመጫው ስለተጣበበ ዘንቢሉን እግሯ ሥር አደረገችው። መንገድ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ በስልክ እያወራ ገባና፣ ሳያይ፣ ጫማውን ከነጭቃው ዘንቢሉ ላይ አሳረፈ። ብርጭቆው ቀጭ አለ።

«አንሳ!» አለች ጤናዬ። «እግርህን አንሳ! ዓይን የለህም? መሬት ሞልቶ!»

ታክሲው ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞረ። ሰውዬው እግሩን አነሳ። እሷ ግን አላቆመችም። ስለ ጫማው ተናገረችው፣ ስለ ስልኩ ተናገረችው፣ ማን እንዳሳደገው ጠየቀችው። ጉንጯ ነደደ፣ ጆሮዋ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ ሰውዬው። «ምን ነበር? እንቁላል ነው?»

«ተርብ ነው!»

አጠገቧ የነበረችው ሴት ብድግ አለች። ከኋላ ያለውም ወደ በሩ ተጠጋ። ሾፌሩ «ወራጅ አለ?» ሲል ወራጅ ያልሆኑትም ወረዱ።

አንደኛው ብልቃጥ ጎኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ ጨርቁ ግን አልተፈታም። ጤናዬም ወርዳ የቀረውን መንገድ ዘንቢሉን ደረቷ ላይ አቅፋ በእግሯ ሄደች። ጁነዲን መጋዘን ስትደርስ እህል ለቃሚዋ ሱንዱስ ወጥታ ተቀበለቻት።

«ምነው እትዬ፣ ፊትዎ ቀላ? አመመዎት?»

«አንድ የማይረባ ሰውዬ አናደደኝ» አለች ጤናዬ፤ ብልቃጦቹን እየፈታች የታክሲውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። በማግስቱም ለሀፍሷ ነገረቻት። ስትነግራት እንደገና ተናደደች፤ ሀፍሷ ሰፌዷን ጥላ ትስቃለች።

«ከዚያስ? ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወረድኩ» አለች ጤናዬ። «ምን ላድርገው? ልምታው?»